የጦርነት ሕግ በወንድማማቾች መካከል

(በአዲስ አበባ፣ ልደታ፣ አብነት በተደረገ የሕግ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

«አብነት» ማለት ምሳሌ፣ አርአያ፣ ሌላው አይቶ የሚከተለው ነገር ማለት ነው። ይህ ስብሰባ የሚደረግበት ሠፈር በዚህ ቃል መጠራቱ ለዛሬው ርእስ የተስማማ ሆኗል። ስለ ዓለም አቀፍ የሰብአዊነት ሕግ በተነጋገሩ ቁጥር መጨረሻ ላይ የሚደረስበት ጥያቄ የአብነት ጥያቄ ነውና። ሕጉ ከተጻፈ ቆይቷል፤ ፊርማውም ማኅተሙም አልጎደለም። የጎደለው ሌላው ባይፈጽመው እንኳ እኔ እፈጽመዋለሁ ብሎ የሚጀምር ነው።

በዚሁ በልደታ ክፍለ ከተማ ለዚህ ርእስ ምስክር የሚሆኑ ሦስት ተቋማት ይገኛሉ። አንደኛው ከኢጣልያ ወረራ በኋላ በሶቪየት ቀይ መስቀል የተቋቋመውና በዐድዋው ጀግና ስም የሚጠራው የደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል ነው። ሁለተኛው በወረራው ዘመን ከተነሣ የአርበኞች ድርጅት ጋር ስሙን የሚጋራው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ሦስተኛው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ነው። የመጀመሪያው ለቆሰለ ሰው ወገን ሳይለዩ መድረስን፣ ሁለተኛው ተዋጊ በገዛ ራሱ ላይ የሚያኖረውን ገደብ፣ ሦስተኛው ገደቡን የጣሰ ሰው የሚጠየቅበትን ወንበር ያስታውሳሉ። የሰብአዊነት ሕግ የቆመው በእነዚህ በሦስቱ ላይ ነው።

የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ የጦርነት ሕግ ከባዕድ ጋር በተደረገ ጦርነት ስሙ ጎልቶ ሲነሣ፣ በወንድማማቾች መካከል በተደረገ ጦርነት ግን ተረስቶ ኖሯል። ባዕዱ «ጠላት» ይባላል፤ ጠላት ደግሞ ሕግ አለው። ወንድም ግን «ከሐዲ»፣ «ወንበዴ»፣ «ባንዳ» ሲባል ከሕግ ውጭ ይደረጋል። የሕጉ አፈጻጸም የሚፈተነው በዚህ ቦታ ነው።

የሕጉ ጠባይ

ዓለም አቀፍ የሰብአዊነት ሕግ ጦርነቱ ለምን ተነሣ ብሎ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው እንዴት ተካሄደ ብሎ ነው። እውነት ያለውም እውነት የሌለውም ተዋጊ በእኩል ይገዛበታል። ተዋጊ የሆነውን ካልሆነው ለይ፤ መሣሪያውን የጣለውን አትግደል፤ የቆሰለውን አንሣ፤ የማረክኸውን ጠብቅ፤ ሐኪሙንና ሐኪም ቤቱን አትንካ ይላል። ሄንሪ ዱናንት እ.ኤ.አ. በ1859 በሶልፌሪኖ ሜዳ ላይ ረዳት አጥተው የወደቁትን ቁስለኞች አይቶ ያቀረበው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1864 የመጀመሪያውን የጄኔቫ ስምምነት አስገኘ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ እየሰፋ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1949 አራቱ ስምምነቶች፣ በ1977 ደግሞ ሁለቱ ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ወጡ።

የሕጉ መንፈስ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ልማድ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አላፊ አግዳሚው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ፣ ዱላውን ያነሣው ሰው እጁን ያወርድ ነበር። የጮኸው ሰው ዳኛም ጭቃ ሹምም ላይሆን ይችላል፤ መሣሪያም አልያዘም። ያስቆመው ከተጣሉት ከሁለቱም በላይ የሆነ ነገር መኖሩን ሁለቱም ስለሚያምኑ ነው። የሰብአዊነት ሕግ በጦር ሜዳ የሚሰማ «በሕግ አምላክ» ነው። ይህ ጩኸት ግን የሚያስቆመው ሰሚው የተጣላውን ሰው እንደ ራሱ የሕግ ባለቤት አድርጎ ሲቈጥረው ብቻ ነው።

የዐድዋ ሁለት ገጽ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል የተነሡት ኢጣልያኖች ወደ 1,900 የሚጠጉ ምርኮኞች ትተው ሄዱ። እነዚህ ምርኮኞች ወደ መሀል አገር ተወስደው በየመኳንንቱ ቤት ተቀመጡ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውል ከተፈረመ በኋላም ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ የጄኔቫው ስምምነት ተካፋይ አልነበረችም። ሆኖም ምርኮኛውን በሕይወት ጠብቆ መመለስ በተግባር ተፈጸመ። ይህ ኢትዮጵያውያን በኩራት የሚያነሡት ገጽ ነው።

ሌላው ገጽ ብዙ ጊዜ አይነበብም። ከኢጣልያ ጦር ጋር ተሰልፈው ከተማረኩት የኤርትራና የትግራይ ተወላጅ አስካሪዎች መካከል በመቶ የሚቈጠሩት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈረጠ። ቅጣቱ ለከዳተኛ የተመደበ የቈየ ቅጣት ነበር። እንግዲህ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የተማረኩ ሰዎች በሁለት ሕግ ተዳኙ፤ ባዕዱ እንደ ምርኮኛ፣ የወንዙ ልጅ እንደ ከሐዲ። ዐድዋን ማክበር ይህን ሁለተኛ ገጽ መደበቅን አይጠይቅም። ይልቁንም ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ለታየው ብዙ ነገር መክፈቻው ቍልፍ የሚገኘው በዚህ ገጽ ላይ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ሕጉ ሲፈተን

ኢትዮጵያ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የቀይ መስቀል ማኅበሯን አቋቋመች። የቆሰሉና የታመሙ ወታደሮችን የሚመለከተውን እ.ኤ.አ. የ1929ኙን የጄኔቫ ስምምነት ተቀበለች፤ መርዝ ጋዝን በሚከለክለው እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣ ፕሮቶኮልም ገባች። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ወረራው ተጀመረ። ኢጣልያም የጋዙን ፕሮቶኮል ካጸደቀች ሰባት ዓመት ሆኗት ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች በተመሳሳይ ሕግ ታስረው ወደ ጦርነቱ ገቡ።

የሆነው ይታወቃል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ የአሜሪካኖች ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳኖች ተመቱ። ታኅሣሥ 20 ቀን በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ተደበደበ፤ ብዙ ቁስለኞች በተኙበት ሞቱ፣ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው የጓዱ አባልም ሕይወቱን ሰጠ። የካቲት 25 ቀን በኮረም አካባቢ በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ ጓድ ተመታ። በሰሜን ግንባር የሰናፍጭ ጋዝ ከአየር ሲዘንብ፣ በባዶ እግሩ የሚሄደው ገበሬና ወታደር እግሩና ዓይኑ ተቃጠለ። የዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ መልእክተኛ የነበረው ማርሴል ጁኖ ይህንን በኮረም በዓይኑ አይቷል፤ ኮሚቴው ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ በአደባባይ አላወገዘም።

ከዚህ ታሪክ ለሕግ ሰው የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ። ኢጣልያ ለመልካ ዲዳው ድብደባ ያቀረበችው ምክንያት በኦጋዴን አብራሪዋ ከተማረከ በኋላ ተገድሏል የሚል ነበር። ምርኮኛን መግደል ወንጀል ነው፤ ይህን ማለት ለኢትዮጵያ ነውር አይሆንባትም። ነገር ግን የአንዱ ወገን ጥፋት ለሌላው ፈቃድ አይሆንም። በድንኳን የተኛ ቁስለኛ በሌላ ሰው ጥፋት አይቀጣም። «እነርሱ ስላደረጉ እኛም አደረግን» የሚለው መልስ በሰብአዊነት ሕግ ፊት እንደ መከላከያ አይቈጠርም። ይህ መልስ በኋለኞቹ ጦርነቶች በስንት አፍ እንደ ተደገመ ሁሉም የሚያውቀው ነው።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ መርዙ ጋዝ አቤት አሉ። የሰማቸው ነበር፤ ያስፈጸመላቸው ግን አልነበረም። በዚያው ዓመት በነቀምቴ የተሰባሰቡት ወጣት መኰንኖችና ምሁራን ጥቁር አንበሳ የተባለውን ድርጅት ሲመሠርቱ በመተዳደሪያቸው ውስጥ ገበሬውን ማንገላታትን፣ ምርኮኛን መግደልና ማሠቃየትን ከለከሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ጊዜው ነው። ከተማቸው ተይዛለች፤ ወገናቸው በጋዝ ተቃጥሏል፤ የዓለም ፍርድ ፊቱን አዙሮባቸዋል። ብድር ለመመለስ ከማንም ይልቅ ምክንያት የነበራቸው ሰዎች ናቸው ገደቡን በራሳቸው ላይ ያኖሩት። አብነት የሚባለው ይህ ነው።

ያልተሰጠው ፍርድ

ከነፃነት በኋላ ኢትዮጵያ ማስረጃ ሰብስባ የጦር ወንጀለኞቹን ለፍርድ ለማቅረብ ጠየቀች። በ1940 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ባዶሊዮና ግራዚያኒ ያሉባቸውን የ10 ኢጣልያኖች ስም በመዝገቡ አሰፈረ። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ላይ ስለ ተሠራው፣ ስለ ጋዙም ሆነ ስለ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት፣ ከእነርሱ አንድም ሰው ፍርድ ቤት አልቆመም። ግራዚያኒ በአገሩ ፍርድ ቤት የተቀጣው ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነበር፤ እርሱም ብዙ ሳይቈይ ተፈታ። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

ይህ ቅሬታ በኢትዮጵያውያን ልብ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ፤ ሊኖርም ይገባዋል። ነገር ግን ቅሬታው ባለቤቱን መልሶ ይጠይቀዋል። በባዕድ እጅ የተበደለ አገር የራሱ ልጆች በራሱ ልጆች እጅ ሲበደሉ ምን አደረገ?

በወረቀት ላይ የቀደመች አገር

በሕግ አወጣጥ ረገድ ኢትዮጵያ ወደ ኋላ የቀረች አልነበረችም። የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ስምምነት በ1941 ዓ.ም. ከሁሉም መንግሥታት ቀድማ አጸደቀች። በጄኔቫው ሊቅ በዣን ግራቨን ረቂቅነት የተዘጋጀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281 ለፖለቲካ ቡድኖች ጭምር ጥበቃ ሰጠ፤ ዓለም አቀፉ ስምምነት ያልደፈረውን ማለት ነው። አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች በ1962 ዓ.ም. ጸደቁ፤ ሁለቱ ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች በ1986 ዓ.ም. ተጨመሩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 የጸደቁ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋቸዋል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ በሰው ልጅ ላይ በሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንዳይታገዱ፣ በምሕረትና በይቅርታም እንዳይታለፉ ይደነግጋል።

ከሁሉም ይልቅ የሚደንቀው አንቀጽ 282 ነው። አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ መንግሥታት ጦርነት ነው፤ ለእርስ በርስ ጦርነት የተተወለት የጋራ አንቀጽ 3 ብቻ ነበር። ይህ አንቀጽ መሣሪያ ያልያዘን ወይም የጣለን ሰው መግደልን፣ ማሠቃየትን፣ ማገትንና ያለ ሕጋዊ ፍርድ መቅጣትን ይከለክላል፤ ስለ ወንጀል ቅጣት ግን አይናገርም። የኢትዮጵያው አንቀጽ 282 በሲቪሎች ላይ የሚፈጸምን የጦር ወንጀል ሲደነግግ ከጦርነትና ከጠላት ወረራ ጋር የትጥቅ ግጭትንም አንድ ላይ አነሣ፤ ግጭቱ ከባዕድ ጋር ይሁን ከወንድም ጋር አልለየም። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ይኸው አቋም በአንቀጽ 270 ጸንቶ ይገኛል፤ ከአንቀጽ 269 እስከ 282 ያለው ምዕራፍ ለቁስለኛው፣ ለምርኮኛው፣ ለሐኪሙና ለቀይ መስቀል ምልክት ጥበቃ ይሰጣል። በእርስ በርስ ጦርነት የሚፈጸም ጥፋት የጦር ወንጀል ሊባል ይችላል የሚለውን የዩጎዝላቪያው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በታዲች ጉዳይ የወሰነው ገና እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር።

ሐውዜን

ይህ ጽሑፍ በእጅ እያለ ነው ሐውዜን የተደበደበችው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ረቡዕ፣ የገበያ ቀን ነበር። ገበሬው እህሉንና ከብቱን ይዞ፣ እናት ልጇን አዝላ በተሰበሰቡበት ቦታ የመንግሥት አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉ። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለዓለም ያመለከተችው ከአየር በሲቪሎች ላይ ስለ ወረደ እሳት ነበር፤ ከ52 ዓመት በኋላ እሳቱ ከአገሪቱ አውሮፕላን በአገሪቱ ገበያ ላይ ወረደ። ሰበቡም የታወቀው ነው፤ ሟቾቹ ከወንበዴ ጋር ተቈጠሩ።

በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ከዘር ማጥፋት ክሶች ሌላ ስለ ሐውዜን ድብደባ በአንቀጽ 282 መሠረት የጦር ወንጀል ክስ አቅርቦ ጉዳዩ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታይቷል። በዚህም አንድ ነገር ተረጋገጠ። በወንድም ላይ የተሠራ የጦር ወንጀል በኢትዮጵያ ሕግ፣ በኢትዮጵያ ዳኛ ፊት የጦር ወንጀል ተብሎ ሊጠራ ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ፍርዱ ሁለት ጕድለት ነበረበት። አንደኛ፣ ዘገየ፤ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የተከፈተው ዋናው የደርግ ባለሥልጣኖች ችሎት የጥፋተኛነት ፍርድ የሰጠው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ የተከሰሰው የተሸነፈው ወገን ብቻ ነበር። ከአሸናፊው ወገን ጥፋት የሠራ ቢኖር የሚጠይቀው አልተገኘም። ወንጀሉን ሠርቶ ያሸነፈ አይከሰስም የሚል ትምህርት የወሰደ ተዋጊ ካለ፣ ትምህርቱን ያገኘው ከዚህ ነው።

ሁለቱም የተጠየቁበት ፍርድ

የሁለቱን ወገኖች ጥፋት እኩል የመዘነ ፍርድ ግን በአካባቢው ታሪክ ውስጥ አለ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከተደረገው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት የካሣ ጥያቄ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኤርትራ የጄኔቫ ስምምነቶችን የተቀበለችው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነበር። ቢሆንም ኮሚሽኑ የስምምነቶቹ ዋና ዋና ድንጋጌዎች የልማድ ሕግ ስለ ሆኑ ከዚያ በፊትም ያስገድዱ ነበር ሲል ወሰነ። ኤርትራ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ምርኮኞችን እንዳይጎበኝ በመከልከሏ፣ በመቀሌ የዐይደር ትምህርት ቤትና አካባቢው ሲመቱም አስፈላጊውን ጥንቃቄ ባለማድረጓ ተጠያቂ ተደረገች። ኢትዮጵያም ምርኮኞችን ወደ አገራቸው መመለስ በማዘግየቷ፣ በሰንዓፈ አካባቢ በነበረው ጥንታዊ የመጠራ ሐውልት ላይ በደረሰው ጕዳትም ተጠያቂ ሆነች። በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኤርትራ ወደ 163 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተወሰነ።

ገንዘቡ ሳይከፈል ቀርቷል። ቢሆንም ውሳኔው ዋጋ አለው፤ የሁለቱንም ጥፋት በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጧልና። እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ቀላልና መራራ ነው። ይህ ሚዛን ሊገኝ የቻለው ሁለቱ በሁለት አገር ስም ስለ ቆሙ ነውን? በአንድ አገር ውስጥ ለሚዋጉ ወገኖች ማን ይመዝንላቸዋል?

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ በኋላም በአማራና በአፋር የተካሄደው ጦርነት ይህን ጥያቄ በደም ጻፈው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባወጡት የጋራ ሪፖርት፣ በጦርነቱ የተካፈሉት ወገኖች ሁሉ በተለያየ መጠን ጥሰት መፈጸማቸውን፣ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የጦር ወንጀልና በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆኑ እንደሚችሉ አስታወቁ። ሲቪሎች ተገደሉ፤ ሴቶች ተደፈሩ፤ ሐኪም ቤቶች ተዘረፉ፤ የእርዳታ መንገድ ተዘጋ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ጦርነቱን አስቆመ። ዓመት ሳይሞላው በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ፍርድ ቤት እንዲቋቋሙ አቅዷል። ዕቅዱ በተግባር የሚመዘነው በሁለቱ የድሮ ጕድለቶች ነው፤ ይዘገያልን? አንዱን ወገን ብቻ ይጠይቃልን? ከዚህም ጋር አንድ የሕግ ክፍተት መሞላት አለበት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸምን ወንጀል ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ አልደነገገም።

የሕግ ባለሙያው ድርሻ

የጄኔቫ ስምምነቶች የመጀመሪያው አንቀጽ መንግሥታት ሕጉን እንዲያከብሩና እንዲያስከብሩ ያዛል። ማስከበር የሚጀመረው ከተኵስ በፊት ነው። ፕሮቶኮል 1 በአንቀጽ 82 የጦር አዛዦች የሕግ አማካሪ በአጠገባቸው እንዲኖር ይጠይቃል፤ ሁለቱም ፕሮቶኮሎች ሕጉ ለወታደሩም ለሕዝቡም እንዲሰበክ ያዛሉ። እንግዲህ የሕግ ባለሙያው ሥራ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ክስ በመጻፍ ብቻ አያበቃም።

በሰላም ጊዜ ቀይ መስቀል በየመድኃኒት ቤቱ በር ላይ እንደ ጌጥ ሲሳል ዝም ያለ የሕግ ሰው፣ በጦርነት ጊዜ ምልክቱ ለምን አልተከበረም ብሎ ለመጠየቅ አፉ ይያዛል። ማስረጃ ጊዜ ሲያልፍ ይጠፋል፤ ምስክር ይሞታል፤ የሐኪም ቤት መዝገብ ይቃጠላል። ስለዚህ የትኛውም ወገን ያሸንፍ፣ የተበዳዩን ቃል በጊዜው በሥርዓት መዝግቦ ማስቀመጥ የሙያው ግዴታ ነው። ጠበቃም በሕዝብ የተጠላውን ተከሳሽ ሳይቀር መከላከል አለበት፤ ያለ ሕጋዊ ፍርድ ቅጣት የለም የሚለው የጋራ አንቀጽ 3 ራሱ ነውና።

ክቡራትና ክቡራን፣

ኢትዮጵያውያን «ነግ በእኔ» የሚል አጭር ቃል አላቸው። በባልንጀራ ላይ የደረሰው ነገ በራስ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። በ1888 ዓ.ም. የአስካሪው እጅ ሲቈረጥ፣ በ1980 ዓ.ም. የሐውዜን ገበያ ሲቃጠል «ነግ በእኔ» ያለ ጥቂት ነበር፤ ነገም መጣ። የጦርነት ሕግ ለወዳጅ አልተጻፈም፤ ወዳጅን ለመጠበቅ ሕግ አያስፈልግም። የተጻፈው ልብ እጅግ ለተቈጣበት ሰው ነው። ልብ ደግሞ ከባዕድ ይልቅ በወንድሙ ላይ አብዝቶ ይቈጣል።

ስለዚህ ሕጉ በኢትዮጵያ መፈጸሙ የሚታወቀው ስለ ባዕድ በደል በሚነገረው ንግግር አይደለም። ከሐዲ የተባለው ቁስለኛ በጥቁር አንበሳና በባልቻ አልጋ ላይ ያለ ስጋት ሲተኛ፣ ያቈሰለውም ሰው፣ ያሸነፈም ቢሆን፣ በልደታ ችሎት ፊት ሲቆም ያን ጊዜ ይታወቃል።